በአዲሱ ስቱዲዮ ውስጥ ስለተከፈተው ቆርቆሮ

ለክቡር አቶ ስታፋን ኒክቪስት
የሎንግቪክ ጎልማሶች ትምህርት ማኅበር ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካላትዎ፣ በተለይም ለአፍንጫዎ፣ ጤና እመኛለሁ። በአገራችን በስዊድን ሚኒስትሩንም ፖስታ አዳዩንም «አንተ» ማለት የተለመደ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ሆኖም ዘንድሮ የፈጸሙት ሥራ «አንተ» ተብሎ የሚታለፍ ስላልሆነ በ«እርስዎ» እንድጽፍልዎ ይፍቀዱልኝ።

እኔ ረቡዕ ረቡዕ ማታ በኢንተርኔት ሱርስትሮሚንግ የተባለውን ዓሣችንን አከፋፈትና አበላል ማስተማር ጀምሬ ያገዱኝ ጉንቦርግ ሾዲን ነኝ። ዓሣውን በጨው አብላልተን በቆርቆሮ የምናሽገው እኛ ሰሜኖቹ ስንሆን፣ ገዝተው በግማቱ የሚጨነቁት ደግሞ ደቡቦቹ ናቸውና ይጠቅማቸዋል ብዬ ነበር። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

፩. ትምህርቱን በትንሹ በመጀመሬ ተቆጥተውኛል። አሥራ ሁለት ክፍል ከማዘጋጀቴ በፊት አንዷን ብቻ፣ ከማዕድ ቤቴ ጠረጴዛ ሆኜ፣ ከፍለው ለተመዘገቡ ስድስት ሰዎች ሞከርኩ። የዓሣውን ታሪክ ይጠይቁኛል ስል፣ ሁሉም የጠየቁኝ ከትዳር ጓደኛቸውና ከጎረቤታቸው ሳይጣሉ እንዴት እንደሚበሉት ነበር። ስለ ታሪኩ ያሰብኳቸውን ክፍሎች ሳልደክምባቸው ጣልኳቸውና በቀጣዮቹ ረቡዖች የጠየቁኝን አስተማርኩ። እርስዎ ግን «ማኅበራችን ጥሬ ነገር አያቀርብም» ብለው ረቡዕዬን ዘጉት። ለክብራችን ስላሰቡ አመሰግናለሁ።

፪. ቀጥሎም በአዳራሹ ስብሰባ «ታላቅ የሱርስትሮሚንግ ትምህርት ብናዘጋጅስ?» ብለው ጠየቁ፤ ከተማው በሙሉ «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» አለ። እኛ ይህን የምንለው ቶሎ ወደ ቤታችን መሄድ ስንፈልግ መሆኑን እዚሁ ተወልደው ላደጉት ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። እሺ ይበልጣል ከሺህ ቢባልም፣ ያ ሁሉ እሺታ ያስመዘገበው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንደኛዋም ወላጅ እናትዎ ናቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝምልን።

፫. በዚያች የሙከራ ትምህርት ላይ «እንግዲህ ክፈቱት» ስል፣ ከደቡብ፣ ከማልሞ፣ የሚከታተለኝ ጡረተኛ ሾፌር ራግንቫልድ እዚያው በራሱ ማዕድ ቤት ውስጥ ከፈተው። «ውጭ ውጡ» አላልኩም ነበር፤ እዚህ ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ነገር ማን ይናገራል? ወዲያው የሚስቱ ድምፅ ከጀርባው መጣ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ሞቶ ነው ቤቴ ውስጥ? ይዘኸው ውጣ! እንዳትመለስ!» ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔ ግን በማግስቱ የትምህርቱን መክፈቻ «መጀመሪያ ከቤት ውጡ» ብዬ ጻፍኩት። ስሕተቴ ያበላሸው አንድ ማዕድ ቤት ነው፣ ያውም መስኮት ያለው። ይህንኑ ቢሮዎ መጥቼ ብነግርዎ «ጉንቦርግ፣ ዝርዝሩን ለባለሙያዎቹ ተይው» አሉኝ። ተውኩት። ባለሙያዎቹም ከስቶክሆልም መጡ፤ የማኅበሩ የዓመት በጀት ባለቀበት፣ ግድግዳው በወፍራም ምንጣፍ በተለበጠው፣ መስኮት በሌለው ስቱዲዮ ውስጥ መብራቱን አስተካክለው፣ ቆርቆሮውን በእርስዎ እጅ አስከፈቱት።

ከዚያ ቀን ወዲህ መዘምራኑም የሹራብ ሠሪዎቹም ክፍል ሕንፃውን ጥለው ተሰድደዋል። እርስዎም በጀቱ ስላለቀ ዘንድሮ ሌላ ትምህርት እንደማይኖር በሩ ላይ ለጥፈዋል። ይህኛው አያስቀኝም፤ ያናድደኛል። ክረምታችን ረጅም ነው፣ ብዙዎቻችን ብቻችንን ነው የምንኖረው፤ ለእኔም ረቡዕ የሰው ድምፅ የምሰማባት ምሽት ነበረች። ስለዚህ ረቡዕዬን እንዲመልሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ስቱዲዮው ለእርስዎ ይሁን፤ ለእኔ ጠረጴዛዬ ይበቃኛል።

ለአርቆ አሳቢነትዎ ከፍ ያለ አድናቆቴን፣ ለምንጣፉ ደግሞ ብርቱ ነፋስ እየተመኘሁ፣ ከነአክብሮቴ ራቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ጉንቦርግ ሾዲን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለተኛዋ ተመዝጋቢ እኔ ነኝ። ክፍያዬ ይመለስልኝ አልልም፤ ቆርቆሮው ሲከፈት የክቡርነትዎን ፊት ማየቴ ዋጋውን አውጥቷል። ደግሞ፣ ስታፋን፣ አሁን «አንተ» ልበልህና፣ እናትህ ባለፈው ረቡዕ ግቢዬ መጥተው ቆርቆሮ አከፋፈት ተማሩ። «ስታፋንስ?» ብላቸው፣ «ልጄን እወደዋለሁ፤ ለጊዜው ግን ራቱን በረንዳ ላይ ነው የማቀርብለት» አሉኝ።