መርዶው ሳይደርስ ያነበብኩት ስም

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰ.

መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ያስላል። ጌታነህ ቤንዚን ፍለጋ ወጥቷል፤ ዋጋውን እንዳልጠይቀው አስቀድሞ ፊቱን አጨማዶ ነው የሄደው። (ከእንግዲህ ጌ. እለዋለሁ። ቴክኒሻኔም፣ ሸሪኬም፣ አኩራፊዬም እሱ ነው።)

ስሚኝ ደብተሬ። ገና ጾመ ነቢያት ከመግባቱ ሬዲዮናችን ደርቋል። በጾም ሰርግ የለ፤ ሰርግ ከሌለ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚያስነብብ የለ። የቡሬው በርበሬ ወፍጮ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም የሚከፍለን በበርበሬ ነው። ሰርቨሩ በርበሬ አይበላም። ድምፃችንን ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ሒሳቡ በዶላር፣ በዱባይዋ የአክስቴ ልጅ ካርድ። እስከ ዛሬ ከኪሷ ነበር። ትናንት ጻፈችልኝ፤ አሠሪዎቿ ደመወዝ ይዘውባታል፣ የዚህን ወር ብር ለእናቴ ስጡልኝና በካርዴ ልክፈል አለች። ቀኑ ኅዳር 27። ካለፈ እንዘጋለን።

የቀረን የሞት ማስታወቂያ (ማስታ.) ነው። አ.አ. ያሉት ይከፍላሉ፤ መንገድ ሲዘጋ አገር ቤት ላለው ዘመድ ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚደርሰው የእኛ ድምፅ ነዋ። ሦስት ቢመጣ ወሩን እንሻገራለን። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰው ይሙት አላልኩም። ሦስት ብቻ ነው ያልኩት።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ፣ ቀትር

መጣ። አንድ።

ረፋዱ ላይ አንድ ጎልማሳ ከአ.አ. ደወለ። አጎቱ ሽንዲ ላይ አርፈዋል፣ ትናንት ተቀብረዋል። ለሦስት ቀን ይነበብልኝ ብሎ ገንዘቡን እዚያው አስገባ። የባንኩ መልእክት ስልኬ ላይ ሲበራ ትንፋሼ ተመለሰ። ጌ. ስንት ወር ሳይስቅ ቆይቶ ዛሬ ሳቀ።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሰፈራችን የእድር ዳኛ አቶ ደምሴ ጣቢያውን ስንከፍት አስምለውናል፤ የሟች ስም ከመነበቡ በፊት መርዶ መነገሩን ጠይቁ ብለው። መርዶ በአገራችን በስልክ አይነገር፣ በቀትር አይነገር። ሽማግሎች ጎህ ሳይቀድ ደጅ ይቆማሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሐዘንተኛዋ ራሷን ስትጥል የሚይዛት ሰው ይዘጋጃል። ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ዛሬ አልጠየቅኩም። ከተቀበሩ ማን ያልሰማ ይኖራል ብዬ ነው። ብጠይቅና «ገና ነው» ቢለኝ ገንዘቡን መመለሴ ነውም ብዬ ነው። ላንች ምን እደብቃለሁ።

5 ሰ. ላይ አነበብኩት። ዘመድ አዝማዱን ስዘረዝር «የቡሬዋ የወ/ሮ ትርንጎ ወንድም» የሚለውንም።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ወ/ሮ ትርንጎ አልሰሙም ነበር።

በርበሬ መጋዘን ውስጥ፣ ከአርባ ሴቶች ጋር በርበሬ እየለቀሙ ነው የሰሙት። ያሠሪው ስልክ በስፒከር የእኛን ጣቢያ ያሰማል። መጀመሪያ የወንድማቸው ስም። ቀጥሎ የራሳቸው። ቀጥሎ የወፍጮው ማስታ.፣ እኔው እየሳቅሁ የቀዳሁት። በዚያ በበርበሬው እጃቸው ፊታቸውን ነጩት። ዓይናቸው እስካሁን አልተገለጠም አሉ።

ደም ብዛት ስላለባቸው ዘመድ መርዶውን ለእሑድ ቀጥሮት ኖሯል፤ ልጃቸው ከደብረ ማርቆስ እስክትደርስ።

ጌ. ጠይቀሽው ነበር ወይ አለኝ። አልጠየቅኩትም አልኩ። ወጥቶ ጄኔሬተሩን አጠፋው።

ኅዳር 23፣ ሰኞ፣ ማታ 1 ሰ.

ቡሬ ደርሰን ተመለስን፤ አቶ ደምሴ፣ ጌ.፣ እኔ። የማስታወቂያውን ገንዘብ አስቀድመን ለደወለው ጎልማሳ መልሰናል።

ወ/ሮ ትርንጎ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው አባብጧል። ገና ቤት ለእንግዳ ስል ቀና አሉ።

«ይችው ናት። ድምፅዋ ነው።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አቶ ደምሴ እመቤቴ ይማሩን፣ ልጅ ናት፣ ጥፋቷን አምና መጥታለች አሉ።

«ለመሆኑ የወንድሜን ስም በስንት ነው የጠራሽው?»

ልጃቸው ኧረ እማዬ ተይ አለች፤ እሳቸው በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ተነሽ። ይቅር ብያለሁ፣ ሽማግሌ አላሳፍርም። ይቅርታ ግን የሰማ ጆሮ አይደፍንም።»

ንፍሮ አቀረቡልን። በላን። ከስድብ ይብስ ነበር።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ወሬው ጅጋን አልፎ ደምበጫ ገብቷል። ወፍጮ ቤቱ ማስታ.ውን አነሳ፣ ሰዉ በርበሬያችሁ ዓይን ያጠፋል እያለኝ ነው ብሎ። የጎረቤታችን የሻይ ቤት ባለቤት ደግሞ ሳልፍ ጠብቃ «ዛሬ ማንን ገደላችሁ?» ትለኛለች። ደንበኞቿ ይስቃሉ። እኔም ስቄ አልፋለሁ፣ ምን ላድርግ። አድማጭ ግን አልጎደለም። ጨምሯል። ለምን እንደጨመረ ማሰብ አልፈልግም።

ሁለት ቀን ቀረ። ኪሳችን ባዶ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 10 ሰ.

ቶሎ ቶሎ ልጻፍልሽ።

8 ሰ. ላይ ስልክ። አንድ ሰው፣ አ.አ. ነው። ለሕክምና የመጡ እናቱ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ነገ ቀትር ላይ እንዲነበብ ይፈልጋል። የሚከፍለው የሰርቨሩን ወር ሙሉ ይሸፍናል። ደብተሬ፣ ሙሉ።

ጠየቅሁ። መርዶ አልተነገረም። እህቱ እዚሁ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ገጠር ናት፣ ከእናቷ ጋር ኖራ ኖራ አሁን ለብቻዋ። መንገዱ አያስመጣኝም፣ የምልከው ሽማግሌ የለኝም፣ በሬዲዮ ትስማው አለ። አላነብም አልኩት። ተቆጣ። የማይጠይቁ አሉ፣ ነገ በስድስት ሰዓት ፌስቡክ ላይ ይለጥፉልኛል ብሎ ዘጋው።

ጌ. ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ወይ እኛ ወይ እነሱ፣ ለልጅቱ ምን ልዩነት አለው አለኝ። እውነቱን ነው። ደጅ ወጥቼ ቆምኩ፣ ገባሁ፣ መልሼ ደወልኩ። ገንዘብህን አልፈልግም፣ የእህትህን ስምና ጎጡን ንገረኝ አልኩት። ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር።

አቶ ደምሴን አናገርኩ። ከሌሊቱ 10 ሰ. ላይ እንነሳለን፣ በእግር ነው። መጀመሪያ ጎረቤቶቿን እንቀሰቅሳለን፤ ሁለት ጠንካራ ሴቶች ያስፈልጋሉ፣ አንዷ አንች ነሽ ብለውኛል። ጌ. እኔም እመጣለሁ አለ።

ጣቢያው ነገ ይዘጋል። ለአድማጭ የስንብት ቃል ጻፊ አለኝ ጌ.። ጀመርኩና ተውኩት።

ነጠላዬን አላዘቀዝቀውም። እንደ ወትሮዬ ነው የማጣፋው፣ ልጅቱ ከሩቅ አይታ እንዳታውቅብኝ።