ይቆይ ያልኩት ሰላምታ

ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። እታበባ፣ ይህን ደብዳቤ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሰንብቻለሁ። የአንደኛ ደረጃ የሬዲዮ ፈተና ልፈተን መሆኔንና አባዬ በእኔ መቀየሙን ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰሚው ራሴ ብነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው ዛሬ የጀመርኩት።

ለመሆኑ አንቺ እንደምን ከርመሻል? ጋሽ ሀብተ ሚካኤልስ ያ የወገባቸው ሕመም ተሻላቸው? ጽጌሬዳ የወለቀው ጥርሷ ተተካ ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? ክረምቱ ሲወጣ አዋሳ ላይ ወባ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ፈጣሪ ይመስገን። እማዬም ደህና ናት። የደባርቅን ብርድ ታውቂው የለ፣ ጠዋት ጠዋት ደጅ ያደረ ባልዲ በረዶ ይጋግራል።

አንቺ ስትሄጂ እኔ የእርዳታ ድርጅቱን ቢሮ የምጠርግ ነበርኩ። አሁንም እጠርጋለሁ፤ ነገር ግን የሬዲዮ ክፍሉን ስጠርግ ስጠርግ ጆሮዬ ለመደና አቶ ሰብስቤ የሚባሉት ኦፕሬተር ያስተምሩኝ ጀመር። ሬዲዮው ከዛሪማ፣ ከአዲ አርቃይና ስልክ ከሌላቸው የደጋ ቀበሌዎች ጋር ያገናኛል፤ እህል ስንት እንደደረሰ፣ መድኃኒት የት እንደጎደለ፣ መንገድ የት እንደተበላሸ የምንነጋገረው በእሱ ነው። አምና የሁለተኛ ደረጃ ፈቃድ አገኘሁ። በዚያ ፈቃድ የሚባለውን ሰምቶ መጻፍ እንጂ ብቻን ሆኖ መናገር አይቻልም፣ አንደኛ ደረጃ ያለው ሰው አጠገብ መቀመጥ አለበት። አሁን አቶ ሰብስቤ ታኅሣሥ ላይ ወደ ጎንደር ይዛወራሉ። ፈተናውን ካለፍኩ ክፍሉ ለእኔ ይሆናል። ከወደቅኩ ግን ሌላ ሰው ያመጣሉ፣ ጽዳቱንም ደርቦ የሚሠራው እሱ ነው ብለውኛል። እኔም ወደ ዳባት፣ ወደ ቤት መመለሴ ነው።

ጥናቱ መጀመሪያ ላይ አስቸገረኝ፣ እንደምታውቂው ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ኋላ ግን ወደድኩት። ከሁሉ የደነቀኝ ሞገዱ ነው። የእኛ አንቴና ከሁለት ባሕር ዛፍ መሐል የተወጠረ ሽቦ ነው፣ ቁራ ይቀመጥበታል። ከዚያ የሚነሣው ድምፅ ሊማሊሞ ገደል አላሳልፍ ሲለው ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ እዚያ ነጥሮ፣ ማዶ ይወርዳል። እኔ ሰው ፊት ስቀርብ ምላሴ የሚታሰር ልጅ፣ ፊቴን የሚያይ ሰው በሌለበት ድምፄ ብቻውን እንደዚያ መሄዱን ሳስበው ደስ ይለኛል። የእንግሊዝኛውን ፊደልም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ኤ አልፋ፣ ቢ ብራቮ፣ ሲ ቻርሊ እያሉ ነው የሚጠሩት። የምኖርበት ቤት ባለቤት እትዬ ውቢት አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ ስደግመው ሰምተው «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ቻርሊ የምትይው የማን ልጅ ነው? ለአባትሽ እንዳልነግርብሽ!» አሉኝ። ፊደል ነው ብላቸውም አላመኑኝም፤ እስከ ዛሬ ስወጣ ስገባ «ቻርሊ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዛሪማ ሬዲዮው ላይ ያሉት አለቃ ገብረ ሚካኤል ናቸው፣ አባዬን በልጅነቱ ዳዊት ያስደገሙት። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም። ድምፃቸውን ግን ከሰው ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ፣ ቅዳሴ ሊገቡ የተዘጋጁ ነው የሚመስለው። እሳቸው ሰላምታ አያሳጥሩም። «ደባርቅ፣ እንደምን ዋላችሁ? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ልጄ ሠርኬ፣ እንደምን አደርሽልኝ? እነ አባትሽ፣ እነ ገዱ ደህና ናቸው? ከብቱስ? አዝመራውስ?» ይላሉ። በየመሐሉ ቁልፉን ለቀቅ እያደረጉ «እግዚአብሔር ይመስገን» እስክንላቸው ይጠብቃሉ። ሬዲዮ ላይ አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ሌላው መስማት እንጂ መናገር አይችልም፤ ስለዚህ ሌላው ጣቢያ ሁሉ እሳቸው እስኪጨርሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔማ ሰላም ሲሉኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ከወንበሬ እነሣ ነበር። አቶ ሰብስቤ «ኧረ ተቀመጪ ልጄ፣ ሬዲዮው አያይሽም!» እያሉ ይስቁብኛል።

መመሪያው ግን አስቸኳይ ነገር ሲኖር «አስቸኳይ፣ አስቸኳይ» ተብሎ ማንም ቢሆን ይቋረጣል ይላል። ፈተና ላይም ይጠየቃል። ስንለማመድ አለቃን አቋርጪ ስባል አንድም ቀን ሆኖልኝ አያውቅም። ቁልፉን ሲለቁ ጠብቄ እገባለሁ እልና አፌ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ይላል።

መስከረም መጨረሻ ላይ አቶ ሰብስቤ ምሳ ሄደው ብቻዬን ሳለሁ የመንገድ ሠራተኛ እየሮጠ መጣ። ሊማሊሞ ላይ ናዳ ወርዷል፣ መንገዱም ከጠርዙ ተሰንጥቋል፣ ከዛሪማ መኪና እንዳይነሣ አለኝ። አቶ ሰብስቤን ፍለጋ ልሂድ ብል ከዛሪማ የሚነሣው አውቶቡስ ቀድሞ ይወጣል። መመሪያው ለሰው ሕይወት ሲሆን ማንም መናገር ይችላል ስለሚል ተቀምጬ ዛሪማን ጠራሁ። አለቃ እንደ ልማዳቸው ከብርዱ ጀመሩ፣ ወደ እኔ፣ ወደ እነ አባዬ አለፉ። «አዝመራውስ?» ብለው ቁልፉን ሲለቁ ዓይኔን ጨፍኜ «አስቸኳይ፣ አስቸኳይ! አለቃ፣ ሰላምታው ይቆይ፣ ሊማሊሞ ተንዷል፣ መኪና አያሳልፉ!» አልኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። እሳቸውም «ሰማሁ» አሉኝና ጠፉ።

ኋላ ሾፌሮቹ እንደነገሩን፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሰው እየጫነ ሳለ አለቃ ራሳቸው መንገዱ መሐል ጥላቸውን ዘርግተው ቆሙበት። ሾፌሩ «አባቴ፣ ዘወር ይበሉልኝ» ቢላቸው «በእኔ ላይ ሂድባ!» አሉት አሉ። ማንም ሰው አልተጎዳም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አለቃ አያናግሩኝም። አቶ ሰብስቤ አጠገቤ ተቀምጠው «ዛሪማ፣ ዛሪማ፣ ይሰማል?» ስል «ሰብስቤ የሉም?» ይላሉ። መልእክት ስሰጣቸው «ደረሰ» ብቻ። ስለ ብርዱ የለ፣ ስለ ከብቱ የለ። አቶ ሰብስቤ «እኔ አሳጥሩ እያልኩ ስንት ዓመት ለምኜ ያቃተኝን አንቺ በአንድ ቀን አስተማርሻቸው!» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እታበባ፣ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ እንደምን አደርሽ ብሎ መልሱን እስክሰጥ የሚጠብቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህንን ያወቅኩት ከቀረ በኋላ ነው።

ነገሩ በገበያተኛ ዳባት ደረሰ። አባዬ «ሰላምታ የምታስቆም ልጅ አላሳደግኩም፤ ሬዲዮውን ትተሽ ነይ» ብሎ ላከብኝ። አለቃ ራሳቸው ለእሱ ከሰውኝ ይሁን ሌላ ሰው ጨምሮ አውርቶት ይሁን አላውቅም። ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩበት። መኪናውን ማስቆሜ ጥፋት አይመስለኝም። ነገም ቢመጣ አቋርጣለሁ። ግን «ይቆይ» ብያቸው ነበር እንጂ «ይቅር» አላልኩም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድም ቀን የቀረውን ልመልስልዎ አላልኳቸውም። በሬዲዮ እንዳልላቸው አገር ይሰማል፣ አፈርኩ።

ፈተናው ሐሙስ ነው። ፈታኞቹ ከጎንደር ይመጣሉ። ጽሑፉን አልፈራሁትም። በቃሉ ፈተና ግን ዛሪማን ጠርቼ፣ መልእክት ሰጥቼ፣ ዛሪማ ከእኔ መቀበሏን በቃል ማረጋገጥ አለባት፣ አቶ ሰብስቤ ከክፍሉ ይወጣሉ። አለቃ ያን ጊዜ «ሰብስቤ የሉም?» ካሉ ወደቅኩ ማለት ነው። አቶ ሰብስቤ እኔ ላነጋግራቸው ብለው ነበር። እትዬ ውቢት ደግሞ ሽማግሌ ላኪ ይላሉ። ሁለቱንም እንቢ አልኩ። ሰላምታ እኮ ሌላ ሰው አይመልስልሽም።

ነገ የኅዳር ሚካኤል ነው። አለቃ ደግሞ በስማቸው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ቤታቸው ሰው እንደሚቀበሉ አቶ ሰብስቤ ነግረውኛል። ለአባዬም ሬዲዮውን እንደማልተው፣ አለቃን ግን ራሴ ሄጄ እንደማያቸው ልኬለታለሁ፤ መልስ አልመጣም። አንቺም ከቻልሽ ሁለት መስመር ጻፊለት፣ አንቺን ይሰማል።

ጋሽ ሀብተ ሚካኤልን አክብረሽ ሰላም በይልኝ፤ ከባድ ነገር አያንሡ። ጽጌሬዳን ጉንጯን ሳሚልኝና የእሷ ስም በሬዲዮ ሲጠራ በቲ ታንጎ እንደሚጀምር ንገሪያት፣ ትስቃለች። ጎረቤትሽ እማማ ዓለምዬንም ለላኩልኝ ሹራብ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው፣ ይኸው ስጽፍም ለብሼዋለሁ።

መንገዱ ስለተጠገነ ነገ ጠዋት ዱቄት ጭኖ በሚወርደው መኪና ሊማሊሞን እወርዳለሁ፤ ማታ በዚያው እመለሳለሁ። ቆላ ገብስ ስለሌለ የገብስ ቆሎ ቆልቼ በከረጢት ይዣለሁ። ዛሪማ ስደርስ አለቃ ደጃፍ ነጠላዬን አስተካክዬ እቆምና እንኳን ለሚካኤል አደረስዎ እላለሁ። ከዚያ ካቆምንበት እቀጥላለሁ፦ አዝመራው ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ባቄላው ትንሽ ውርጭ መታው፣ ከብቱም ደህና ነው። እርስዎስ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ? ቤተ ሰብስ? እያልኩ እሳቸው በቃ እስኪሉኝ ድረስ ቆሜ እጠይቃቸዋለሁ።

እህትሽ ሠርካለም ገዱ
ደባርቅ