ከማርሚታው በላይ ያለፈው ቱቦ

ይድረስ ለእህቴ ባል፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ለታመመ ሰው ልቤ ይራራልና ይህን አንብበህ እስክትጨርስ አደራ እንዳትታመምብኝ። እኔ ደህና ነኝ። የቀኝ እጄ ጣቶች እንደምታውቃቸው ናቸው፤ ብርድ ሲሆን ብሎን አይዙልኝም። ልጆችህም ደህና ናቸው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላልና መጸለዩን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

የአባቴን አሮጌ የጭነት መኪና የነዳጅ አሰጣጥ ከካርቡራቶር ወደ ኢንጀክሽን ስንቀይር እኔ ፓምፑን ገጠምኩ፤ ሞተሩ ያልተጠቀመበት ነዳጅ ወደ ታንኩ የሚመለስበትን ቱቦ መዘርጋት ያንተ ድርሻ ነበር። «ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው አርቀው፤ ሲግል እሳት ነው። በሻሲው በወዲያኛው ጎን አሳልፈው» አልኩህ። አንተ ግን ሙሽራ ለመሆን ቸኩለህ ነበር። በአቋራጭ ከማርሚታው በላይ አሳልፈህ በሽቦ ጠፍረህ ተውከው። ስንሞክረው ቱቦው ቀለጠ፣ ቤንዚኑ ተንጠባጠበ። እሳቱ ሲነሳ ከሥር ተኝቼ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሐኪም ቤት ሳለሁ፣ ቱቦውን የዘረጋሁት እኔ እንደሆንኩ ለአባቴ ነገርከው። አመነህ። እህቴም አመነችህ። አንተ አማች ሆንክ፣ ኋላም መኪናውን ወሰድክ፤ እኔን አባቴ እስኪሞት ድረስ «አቃጣዩ» እንጂ ልጄ ብሎ አልጠራኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሰሞኑን አንተ መንገድ ስትወጣ እህቴ መኪናውን ይዛ ጋራዤ መጣች። ፀሐይ ሲከር ሞተሩ ይጠፋባታል። ከሥር ገብቼ ባየው፣ ከእሳቱ በኋላ ቱቦውን ትንሽ ፈቀቅ አድርገህ በቆርቆሮ ሸፍነኸው ኖሯል፤ እዚያው ሙቀቱ ውስጥ። የድሮው ሽቦም ጠቁሮ ከሻሲው ላይ እንደተጠመዘዘ አለ። እህቴን ጠራኋትና አጠገቤ ተኝታ አየችው። ምንም አልነገርኳትም። በጣቷ ነካካችውና «ይሄ የግራኝ እጅ ነው፤ ያንተ አይደለም። የልብስ ማስጫችንም ሽቦ እንዲህ ነው የተጠመዘዘው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ደስታዬን ግን ወዲያው ቀማችኝ። «አባባ በመጨረሻ ሊያይህ ፈልጎ ነበር። ባሌን ሰምቼ በሩን የዘጋሁብህ እኔ ነኝ» አለች። ይህንንም ባንተ ላይ ደምሬዋለሁ።

አዲሱን መስመር በብረት ቱቦ፣ ከሙቀቱ ወዲያ፣ በሻሲው ውስጠኛ ጎን ዘረጋሁት። መያዣዎቹን ጎማ አለበስኳቸው። ታንኩ ውስጥ የሚገባበትንም ፓምፑ ከሚስብበት ቦታ አራቅኩት፤ ትኩሱ ነዳጅ ወዲያው ተመልሶ እንዳይሳብ። እህቴ «ዳገቱን ሳይቆም ይወጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። የቱን ዳገት ብዬ አልጠየቅኳትም። «ይወጣል» አልኳት።

አሁን ሰው ልከህ መኪናዬ የት ደረሰ ብለህ አስጠይቀሃል። የጠየቅኸው ስለ መኪናው ብቻ መሆኑን ለእህቴ ነገርኳት፤ ሳቀች። መኪናው ደህና ነው፣ ዳገቱ ላይ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ጭነቱን ሸራ አልብሼ ገመዱን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ከሥር የእሷ የልብስ ሳጥን፣ ከላይ የልጆቹ አልጋዎች ነበሩ። ያንተን አልጋ አላየሁም።

ፈጣሪ ቤትህን ሰፊ፣ እንቅልፍህን ጸጥ ያለ ያድርግልህ።

የልጆችህ አጎት