በሐዘን ዓመት የተሰሙ ዘፈኖች

ይድረስ ለእህቴ ለአባይነሽ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የጅቡቲ ሙቀት ዘንድሮም በረታብሽ ወይስ ለመድሽው? እጅሽ ላይ ወጥቶ የነበረው ሽፍታ ለቀቀሽ? የምትሠሪላቸው ሰዎችስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ክረምቱ እንጦጦን አልለቀቀም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ይወርዳል፤ የጥገና ሱቄ በርም ውሃ ጠጥቶ አልዘጋ ብሎኛል። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ ስላላገኘሁ ይህን ደብዳቤ ለንግድ ወደዚያ የሚመላለሰው ሙዘይን በእጁ እንዲሰጥሽ ለመንሁት። ፊቷን ብታዞርብኝስ አለኝ። ታዙር፣ አንተ ብቻ ስጣት አልኩት።

ጳጉሜ ስለገባ የዓመቱን ዘፈኖች ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ። አንቺ እዚህ ሳለሽ ሬዲዮ የሚያመላልሰውን ትተን ሰው ያልገዛውን ስንመርጥ፣ እማዬ እናንተ የመረጣችሁት ዘፋኝ ሁሉ በዓመቱ ሹፌር ይሆናል እያለች ትስቅብን ነበር። ዘንድሮ ሙት ዓመቷ እስኪወጣ ድረስ ቤታችን ውስጥ አንድም ዘፈን አልተከፈተም። የሰማሁት ሁሉ በሥራዬ ነው። መጀመሪያ ላይ ጎረቤት የእናቱ መቃብር ሳይደርቅ ዘፈን ከፈተ እንዳይለኝ፣ የጠገንሁትን ቴፕ ሁሉ ከሬዲዮ በቀዳሁት ዜና እሞክር ነበር። ባለሱቁ አብዱልሰላም ግን ቴፑን በወሰደ ማግስት ተመልሶ መጣ። ዜናው ላይ ደህና ነው፣ ዘፈኑ ላይ እንደ ታመመ በግ ያላዝናል፤ ለዜና ነው እንዴ የገዛሁት ብሎ ሰው ፊት አሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ የቴፕ ሞተር ሲንገዳገድ በንግግር አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ድምፁን ቀንሼ፣ ጆሮዬን ለጥፌ በዘፈን መሞከር ጀመርሁ። የዘንድሮን ዘፈኖች እንዲህ ነው የሰማኋቸው፤ ብልሽቱ እስኪለይልኝ፣ ግማሽ ግማሹን።

አንደኛ ያልሁት በዳዳ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ያወጣውን ነው። እማዬ ከሹፌርነት ወደ ዘፈን የመጣ ሰው አላየችም። ጋራዥ ውስጥ በተዋሰው ኦርጋን ቀድቶ ሃምሳ ካሴት አባዛ፤ ሠላሳው ቤቱ ተቀምጧል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ አይለማመጥም። ናፍቆትን ሲዘፍን የሚያልፍባቸውን ከተሞች ስም ብቻ ይጠራል። ሁለተኛው የአራት መምህራን ነው፤ ሁለት ጊታር፣ ሳክስፎንና ከበሮ፣ ዘፋኝ የለውም። ግጥም ስለሌለው ማንም ምንም አላለው፤ ማንም አልገዛውም። ሦስተኛው አንዲት የማላውቃት ሴት የዘፈነችው የሠርግ ዘፈን ነው። ቴፑ ከተሠራ በኋላም እስከ መጨረሻው ልሰማው አልቻልሁም፤ የአንቺ ነገር እየመጣብኝ አጠፋሁት።

ዓምና እማዬ ስትሞት መርዶ በደብዳቤ አይነገርም ብዬ፣ ሽማግሌ ይዘው በማለዳ እንዲያረዱሽ እዚያ ላሉት ለአገራችን ሰው ለአቶ ወልደ ኢየሱስ መልእክት ላክሁ። እሳቸው እንቁጣጣሽን በደስታ ትዋል፣ ከመስቀል በኋላ ይሁን አሉኝ። እኔም በየእንቁጣጣሹ የምልክልሽ የዘፈን ካሴት ቢቀር ትጠረጥሪያለሽ ብዬ እንደ ልማዳችን ቀድቼ ሰደድሁልሽ። አንቺ በበዓሉ ዕለት ሰው ጠርተሽ፣ ነጭ ለብሰሽ ጨፈርሽበት። በአራተኛው ቀን ሙዘይን የሰማሽ መስሎት ገበያ መሃል አላህ ያጽናሽ አለሽ። በእናቴ ላይ አስጨፈርከኝ ብለሽ አንድ መስመር ጻፍሽልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም አልሽ።

ይህን ታውቂዋለሽ። የማታውቂውን ልንገርሽ። እማዬ ሦስት ሳምንት ተኝታ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለአባይነሽ ጻፍላት፣ ትምጣ አለችኝ። ሲሻልሽ እጽፋለሁ አልኳት። በማግስቱ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ጽፌያለሁ አልኳት። አልጻፍሁም። ከመጣሽ ዳግመኛ ከአገር መውጫ ፈቃድ አይሰጡሽም ብዬ ፈራሁ፤ እሷም የምትድን መሰለኝ። ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ከትራሷ ቀና ትል ነበር። ጥፋቴ መርዶውን ማዘግየቴ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ዘንድሮ ዘፈኖቹን አልቀዳሁልሽም። ሙዘይን የሚሰጥሽ ካሴት በሁለቱም በኩል ባዶ ነው። የምትይኝን ሁሉ ተናገሪበትና መልሰሽ ላኪልኝ፤ ስድብም ይሁን፣ ለቅሶም ይሁን። ይህን አላቋርጠውም።

ባለቤቴ ብዙነሽ ትስምሻለች፤ የእማዬን ነጠላ አጥባ አስቀምጣልሻለች። ልጃችን ዓለም ዘንድሮ ወደ ሁለተኛ ክፍል አለፈች፤ አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች። ጎረቤታችን ጋሽ ከበበ እግራቸውን ቢያማቸውም ሰላም በልልኝ ብለውሻል። ዓምና እዚህ ቦታ ላይ እማዬም ሰላም ብላሻለች ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ከቀበርናት ሃያ ስምንት ቀኗ ነበር።

ወንድምሽ ወልደ ሐዋርያት
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ጳጉሜ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.