«ማን ይደፍረኛል» የተባለው ውሻ ለአያ ወንዴ ስለ መሰጠቱ

እኔ ኢዮስያስ ሙሉሰው፣ የጎንደር አዘዞ ነዋሪ፣ ዛሬ ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ሆስፒታል ተኝቼ ይህን እናዘዛለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ቀኝ እጄ ነው። ቁስሉ አመርቅዞ እስከ ክርኔ አብጧል። ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና አለብኝ፤ እጄም እኔም መትረፋችንን ሐኪሞቹ በእርግጠኝነት አልነገሩኝም። ሕጉ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ይናዘዛል ይላል፤ «ገና ልጅ ነህ» የሚለኝ ካለ ከሕጉ ጋር ይጣላ። የሚጽፉልኝ የኔታ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። «ብሞት» ባልሁ ቁጥር ብዕራቸውን ያነሣሉ። የኔታ፣ ይጻፉት እንጂ!

አስቀድሞ የነገሩ ሥር ይታወቅ። እኔ ሳልወለድ አያቴ አያ አለነ ከጎረቤታችን ከአያ ወንዴ ጋር በአጥር ተጣሉና ውሻቸውን «ማን ይደፍረኛል» አሉት። ውሻውን በጠሩ ቁጥር የሚሰደቡት አያ ወንዴ ነበሩ። አያ ወንዴም ቡችላ አምጥተው «እኔ አለሁ» አሉት። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች አርባ ዓመት የተነጋገሩት በውሻ ስም ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ውሾቹን ያናክሳሉ፤ በጾም ሥጋ አይቀምሱም፣ ደም ግን ቆመው ያያሉ። ውሻው ሲሞት ስሙን ቡችላው ይወርሳል። ውሻ ማናከስ ክልክል ነው ከተባለ ወዲህ ነገሩ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ ወረደ። ፖሊስ ሲመጣ «ራሳቸው ተናከሱ» ይባላል። ስልክ ደግነን የምንከበው ደግሞ እኛ የሰፈሩ ልጆች ነን።

የራሴንም አልደብቅም። የአሁኑን «ማን ይደፍረኛል»ን እያስራብሁ ያሠለጠንሁት እኔ ነኝ። ማሸነፍ ይጥመኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የ«እኔ አለሁ»ን ጉሮሮ ይዞ አልለቅም ሲል ላላቅቃቸው እጄን በመካከላቸው ከተትሁ። የማን ጥርስ እንዳገኘኝ አላውቅም። «እኔ አለሁ» በአጥሩ ቀዳዳ እንጀራ ስለምሰጠው ያውቀኛል፤ ጭራውን እየቆላልኝ ሞተ።

ስልኬ ለእኅቴ ለምንዳዬ ይሁን፤ የካባው ቪዲዮዎች ሳይታዩ ይጥፉ።

«ማን ይደፍረኛል»ን ለአያ ወንዴ አውርሻለሁ።

«ምነው! የኔን ውሻ ለዚያ ሰውዬ?» አሉ አያ አለነ። የኔታ፣ ይህም ይጻፍ። አያ፣ ውሻው የእኔ ነው፤ አምና ለጥምቀት በእጅዎ ሰጥተውኛል።

አያ ወንዴም ሊጠይቁኝ መጥተው በሩ ላይ እንደቆሙ «ገዳዩን ወስጄ ምን ላድርገው?» ብለዋል። ያብሉት፤ ከእንግዲህ ከማንም ውሻ ጋር አያጋጥሙት። አንድ ግዴታም አለባቸው፤ ስሙ ከዛሬ ጀምሮ «ይቅር በለኝ» ነው። ጠዋትና ማታ በሙሉ ስሙ ይጥሩት። ድምፃቸው እንደሆነ አጥር አያግደውም።

አያ አለነም እንደ ልማዳቸው መልስ መስጠት ካማራቸው፣ ቡችላ ያምጡና «ይቅር ብያለሁ» ይበሉት።

ይህ ኑዛዜ በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ የግራ አውራ ጣቴን አኑሬበታለሁ።

ምስክሮች፦
የኔታ ገብረ ኢየሱስ፣ ጸሐፊም፤ ፈርመዋል።
ነርስ ሕይወት አወቀ፤ ፈርማለች።
አክስቴ የትነበርሽ፤ እያለቀሰች ፈርማለች።
አያ አለነ፤ ብዕሩን ተቀበሉ። «ቡችላ ያለው ማነው?» ብለው ጠየቁ፤ ፈረሙም።