የታጠፉት ቫልቮች

ኬንተን፣ ኦሃዮ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1998

ለምወድህ ልጄ ለራንዳል፣

እንደምን ከርመሃል? አንተ የምትሠራበት የአላስካ ባሕር ከፋ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ስምህን ጠርቼ እጸልያለሁ። ለገና የላክህልኝ ካርድ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። አባትህ ዞር ስል ጠብቆ ያነበዋል፤ ድንገት ከገባሁበት ወተት ፈላጊ ይሆናል። ወተት እንደማይወድ የረሳሁ መስሎታል።

“ለልጁ ስለ እኔ እንዳትጽፊ” ብሎኛል። እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እሱን የምሰማው? ልጄ፣ አባትህን ካንሰር ይዞታል። አንጀቱ ላይ ጀምሮ ጉበቱ ደርሷል። መድኃኒቱ ደግሞ የጣቶቹን ስሜት ወሰደው። የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ባለፈው ጋራዥ ውስጥ እጁን ምድጃው ላይ አሳርፎ፣ መቃጠሉን ያወቀው ቆዳው ሲሸተው ነው። ሐኪሙ እስከ ጁን መቆየቱን ይጠራጠራል። 

እንዲያም ሆኖ ሥራ አልተወም። ጎረቤታችን ዴል በኤፕሪል የሚወዳደርበትን የመኪና ሞተር እንዲሠራለት ለምኖት ነበር። አየሩ ሲከፈት የእሽቅድምድም ሜዳው ላይ ሲጮህ ልስማው ብሎ፣ እኔ ብቆጣም ተቀበለ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ገጠመ፣ ሁሉን ጨረሰ፣ የቀረው የሞተሩን መተንፈሻ ቫልቮች የሚገፉትን ፑንቴሪያዎች ማስተካከል ብቻ ነበር። ይህንን ሥራ አንተም እኔም አንረሳውም።

በዘይት የሚሠሩት ፑንቴሪያዎች ጠባይ ምን እንደሆነ፣ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ሳንድዊች ሳቀብል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አዲስ ሲሆኑ ዘይት ስላልሞላባቸው ውስጣቸው ያለው ስፕሪንግ በቀላሉ ይረገጣል። በላያቸው የሚቆመውን ዘንግ በጣት ቢያሾሩት፣ ልክ ካለፈ በኋላም ዝም ብሎ ይሾራል። ሰው ገና ነው ይልና ማጥበቂያ ዳዶውን ያጠብቃል፣ ያጠብቃል። ሞተሩ ተነስቶ ዘይቱ ሲሞላ ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ፒስተኑም መጥቶ ያጥፈዋል። ስለዚህ ዘንጉን ማሾር የለም፤ ወደ ላይና ወደ ታች እያነቃነቁ፣ ክፍተቱ ያለቀባትን ቅጽበት በጣት ጫፍ መያዝ ነው። ከዚያ ዳዶውን ግማሽ ዙር፣ አለቀ። አባትህ ይህን ሲናገር ፓስተሩ እንኳ እንደዚያ ረጋ ብሎ አይሰብክም።

አንተ በችኮላ ዘንጉን አሹረህ ሞተሩን የሰበርክ ቀን፣ ሜዳው ሙሉ ሰው እየሰማ ምን እንዳለህ አስታውሳለሁ። “ይሄ ልጅ ጣት አይደለም ያለው፣ እንጨት ነው የበቀለበት” አለ። ሰው ሳቀ። የታጠፈውን ቫልቭ ስምህን ጽፎበት ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ምስማር ላይ ሰቀለው። እዚህ አገር ሁሉም ጋራዥ እንዲህ ያደርጋል፣ ቀልድ ነው ይላሉ። አንተ ግን በዚያው ሳምንት ሄድክ። እኔም ያን ግድግዳ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ባለፈው ሐሙስ ዴል መጥቶ ሞተሩን አስነሱት። ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት። መጀመሪያ ደስ የሚል ድምፅ ነበረው፤ ከዚያ ማሰሮ በመዶሻ እንደሚቀጠቀጥ ሆነና ጸጥ አለ። ሮጬ ስወጣ አባትህ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። የዘንጉን መነቃነቅ ጣቱ አልሰማ ሲለው፣ መሾሩን በዓይኑ እያየ አጥብቆ ኖሯል። ሰው ሁሉ እንዳያደርግ ሲቆጣ የኖረውን ነገር ማለት ነው።

ዴል አልተቆጣም። ትከሻውን መታ መታ አደረገና፣ “ሆሊስ፣ ያለ ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል። ቡና አለሽ ወይ ቨርና?” አለኝ። አባትህን የጎዳው ይህ ነው። ዴል ከሄደ በኋላ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ቆየ።

“ከሰውየው አፍ አንዲት ክፉ ቃል እንኳ አልወጣችም” አለኝ። “እኔ ለገዛ ልጄ ያለ ነው አላልኩትም፣ ቨርና።”

እንዲደውልልህ ለመንኩት፣ ስልኩን እጁ ላይ አደረግሁለት። ምን ብዬ ልጀምር አለና መልሶ አስቀመጠው። ታውቀዋለህ፣ ይቅርታ የሚባለውን ቃል አፉ አልለመደውም፤ በዚህ ዕድሜው ላስተምረው ብልም ጊዜ የለንም።

በማግስቱ ምሳ ልጠራው ስገባ ግድግዳው ላይ ያለው ቫልቭ ሌላ ነው። ያንተን አውርዶ የራሱን ሰቅሏል፣ “ሆሊስ” ብሎ በዚያ በተበላሸ የእጅ ጽሑፉ ጽፎበታል። ያንተን በጨርቅ ጠቅልሎ በሲባጎ ሊያስረው ይታገላል። ላግዝህ ስለው ተዪኝ አለ። ወጡ ቀዘቀዘ፣ እሱ ግን አስሮ ጨረሰ። ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝና፣ “ለልጁ ላኪለት። እኔም በዚያው ስህተት ሞተር ሰበርኩ በይው” አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ከደብዳቤው ጋር በካርቶን ውስጥ የምታገኘው እሱ ነው፤ ቋጠሮው ቢያስቸግርህም በመቀስ አትቁረጠው፣ ፍታው።

የዴልን ሞተር አሁን ሌላ ሰው እየሠራው ነው። አባትህ የሚውለው መስኮቱ አጠገብ ነው። እኔ ና አልልህም ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ግን ልጄ ሆይ ና። በረዶው ሳይቀልጥ ና።

እግዚአብሔር ከዚያ ባሕር ይጠብቅህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ እኔንም ፊትህን ሳላይ አይውሰደኝ።

ስትመጣ አባትህ እጁን ይዘረጋልህ ይሆናል። ከዘረጋልህ አጥብቀህ ጨብጠው። በቀስታ ከሆነ አይሰማውም።

እናትህ
ቨርና