አግማስ የጠየቀው ውሃ

ልጄ ጽናት፣ ባለሽበት በቻይና እመብርሃን ከክፉ ሁሉ ትጠብቅሽ። የወንድምሽን የአግማስን መርዶ የነገሩኝ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ስትደውዪልኝ ከማልቀስ በቀር መናገር አቅቶኝ ነበርና ይኸው ጻፍኩልሽ።

አግማስ ሳይዘምት በፊት ከፒያሳ በስልኩ እያስጫነ ያመጣ በነበረው የቻይና የጦር ፊልም ላይ፣ የሚሞተው ወታደር ባንዲራ አቅፎ ብዙ ይናገራል። "እማ፣ ለአገር መሞት እንዲህ ያምራል" ሲለኝ አብሬው አለቀስኩ እንጂ አልተቆጣሁትም።

አብሮት የዘመተው ቀለሙ ከኮምቦልቻ ለለቅሶ ሲመጣ፣ "ምን ብሎ ሞተ?" አልኩት።

"ውሃ ነው የጠየቀው፣ እትዬ። ኮዳችን ባዶ ነበር" አለኝ።

እዚያ ፊልም የሚሠሩት ሰዎች ልጇ የሞተባት እናት ሆኜ እንዳለቅስላቸው ጠይቀውኛል ብለሽኝ ነበር። ይቅርብሽ፣ ልጄ። እዚያ ያላችሁ ሐበሾች ተሰብስባችሁ ጸልዩለት። ስትጸልዩ ግን አግማስ አትበሉት፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው።